አምስተኛዋ ማብሪያ

ለምወድሽ እህቴ ለራድካ፣

ከሰላምታ በፊት የምናዘዘው ከባድ ኃጢአት አለኝና ተቀምጠሽ አንብቢው። ይህን የምጽፍልሽ ከአባባ ጠረጴዛ ላይ በሰረቅሁት ወረቀት ነው። ብትገለብጪው የሚሠራውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መስመሮች፣ ዳር ዳሩን ደግሞ የእርሳስ ጭረቱን ታያለሽ። ምን ላድርግ፣ የቤቱን ወረቀት ሁሉ አትሞ ጨረሰው።

እንግዲህ እንደምን ነሽ? ጤናሽስ? ትንሹ ሰውዬ በደንብ ይጠባል? ያስተኛችኋል? የባልሽ የኦድቫር ወገብ ተሻለው? እኛ ደኅና ነን፤ መድከም ብቻ ነው። እማዬ ከሆስፒታል የሌሊት ሥራዋ ተመልሳ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔም ስልክ ካነሳሁ ሳምንት ሆነኝ፤ መስመሩ በአባባ ኮምፒውተር ተይዟል።

አውቃለሁ፣ ልትሰሚ የምትፈልጊው ይህን አይደለም። አባባ እሑድ ለልጅሽ ክርስትና ይደርሳል ወይ ነው ጥያቄሽ። ለሠርግሽ እመጣለሁ ብሎ ቀረ፤ ልጁ ሲወለድም ቀረ። «አሁን ከቀረ ስልኩን አላነሳለትም» ማለትሽን ነገርኩት። የቤት ጫማውን እየጎተተ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ የቤት ጫማ አልወጣም። ወደ እናንተ የሚመጣው አውቶቡስ ደግሞ ዛሬ ማታ ነው።

እሱና አቶ ዛቫዲል የሚሠሩትን ስህተት አዳኝ ታውቂዋለሽ፤ የሰው ፕሮግራም ሲታመም ሆዱን ከፍቶ የሚያይ ፕሮግራም ነው። ለሚከፍተው ፋይል ሁሉ የተደረደሩ ትንንሽ ማብሪያዎች አሉት። አንዷ ስትበራ «ይህን ተጠቃሚው በእጁ ነው የጫነው» ማለት ነው፤ ሌላዋ ስትበራ «ይህ ተነቧል፣ ተወው» ማለት ነው። እያንዳንዷ ቢት ትባላለች፤ የራሷ ቦታ አላት፣ ቁጥሯም ከፊቷ ካለችው እጥፍ ነው፦ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት። ለዚህ ነው እንግዲህ ሁለት ጢማም ሰዎች ፀጉራቸውን የሚነጩት። ሰዎች ፋይል በእጃቸው ሲጭኑ ፕሮግራሙ ሳይገልጠው «አንብቤዋለሁ» ይላል አሉ። ልክ እንደ አያታችን ጋዜጣ።

ትናንት አቶ ዛቫዲል መጥተው ከአባባ ጋር ተፋጠጡ። «ፋይል ማንበቢያው ክፍል ነው የተበላሸው፤ እሱ ደግሞ ያንተ ሥራ ነው» አሉት። አባባ «ማንበቢያውን አምና ራስህ አልነበርክ እንዴ ያደነቅኸው?» ቢላቸው «ቢራ ጠጥቼ ነበር» አሉ። ከዚያ ሁለቱም ባሕር ማዶ ሆነው ፕሮግራሙን የሚቆጣጠሩትን ሽማግሌ ማማት ጀመሩ። ያለ እኚያ ሽማግሌ ፈቃድ ፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ፊደል አትገባም፤ የሁለቱንም ለውጥ በፀደይ መርምረው ያሳለፉት እሳቸው ናቸው። አባባን ያኔ ምን ብለው እንደ መለሱት ታውቂያለሽ? በማብራሪያህ ውስጥ ከነጥብ በኋላ አንድ ክፍተት ብቻ ትተሃል፣ ደንቡ ሁለት ነው ብለው። ስለዚያች ክፍተት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሳምንት ሙሉ ተጻጽፈዋል።

ዛሬ ምሳ ላይ የአባባ ክኔድሊክ፣ ያ የሚወደው የተቀቀለ ሊጥ፣ ሳይነካ ሲቀዘቅዝ አየሁና፣ ቢበላ ብዬ ማብሪያ ማብሪያ የምትሉት ምንድን ነው አልኩት። «ግድግዳ ላይ እንዳለው ነው፤ እያንዳንዷ የራሷን መብራት ታበራለች» አለኝ። እኔም «እንደ እኛ ሽንት ቤት?» አልኩት። ታስታውሻለሽ፣ አያታችንና አባባ በዚያ በጋ ሳይነጋገሩ በየፊናቸው ባዶ ያገኙትን ሽቦ ቀጥለው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሽንት ቤት የገባ ሰው ምድር ቤቱንም ያበራል፤ አያታችንም «ምድር ቤት ማን ገባ?» እያሉ ይጮኻሉ። የአባባ ሹካ አየር ላይ ቆመ። «ምን አልሽ?» አለ። የተቆጣ መስሎኝ «ሽንት ቤት ነው ያልኩት፣ ይቅርታ» አልኩ። ብድግ ብሎ ሄደና ይህን ገጽ አተመ።

ገልብጪውና እዪ፤ የእሱም የአቶ ዛቫዲልም መስመር ዐሥራ ስድስት ነው የሚለው። በአንድ ፀደይ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቅጂ ላይ፣ አንዱ ለ«በእጁ ጫነው»፣ ሌላው ለ«ተነቧል»፣ ባዶ ያገኟትን አምስተኛዋን ቦታ ይዘዋል። በእጅ የተጫነው ሁሉ የተነበበ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሦስቱም ክፍተት ሲቆጥሩ ቁጥሩን ያየው የለም።

ተገኘ፣ ተገላገልን ስል አሁን ደግሞ ማን ወደ ሠላሳ ሁለት ይዛወር በሚለው በስልክ ተያዙ። አባባ «የኔ በማርች ነው የገባው» ይላል። አቶ ዛቫዲል የሚጮኹት እስከዚህ ይሰማል፦ «አንተ ተነሣ፣ ወጣት ነህ!» ወጣቱ ኅምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አሁን ድምፃቸው ጠፍቷል፤ ወይ ተስማምተዋል ወይ አባባ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። እኔም ማጣራቱ ደከመኝ። ይህን ደብዳቤ አባባ በእጁ ሳይሆን ፖስተኛ ካመጣልሽ ተኝቷል ማለት ነው፤ የዚያን ጊዜ ስልኩን አታንሺለት፣ አልፈርድብሽም።

እማዬ በእንቅልፍ ልቧም ቢሆን ትስምሻለች። አያታችን ልጁን ሳሙልኝ፣ መብራትም አታስነኩት ብለዋል። ድመቷ ያው ናት። ኦድቫርን ወገቡን እንዳትነኪ ተጠንቅቀሽ እቀፊልኝ፤ ትንሹን ሰውዬ ግን እንደ ልብሽ።

ብርኖ፣ ዓርብ ኖቬምበር 13 ቀን 1998
እህትሽ ቬንዱላ

ቆይ፣ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ አለ። የቤት ጫማ አይደለም፤ የመንገድ ጫማ ነው፣ ራድካ! አሁን በሩ ላይ ደርሶ «ያቺ ወረቀቴ የት አለች? ቬንዱላ!» ይላል።