የልብስ ሰፊው የአቶ ደምሴ ፈንታው የሕይወት ታሪክና የቀይ ጨርቁ ነገር

አቶ ደምሴ ፈንታው ከአባታቸው ከአቶ ፈንታው ረታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ ይመር በ1948 ዓ.ም. ሮቢት አጠገብ ተወለዱ። ወሩን በተመለከተ እናታቸው «ማሽላ ሲታጨድ ነው» ከማለት ያለፈ ማስረጃ ስላልተዉ፣ ቤተሰቡ ኅዳር በሚለው ተስማምቷል። ቆቦ እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ጎብዬ ገበያ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሙያውን ተማሩ። በ1968 ዓ.ም. በአንዲት ሲንጀር መኪና ቆቦ ላይ ሱቅ ከፈቱ። በ1970 ዓ.ም. ወይዘሮ የሺን አግብተው ልጃቸውን ትዕግሥትን ወለዱ።

ሱቁ የጨዋታ ቤት ነበር። ጨው ነጋዴው በድረዲንና አስተማሪው ዋሲሁን ከዚያ አይጠፉም ነበር። በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ ዝናቡ ቀርቶ፣ ይመጣል የተባለው እህልም ቀርቶ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ባንዲራ የሚሆን ዘጠኝ ጣቃ ቀይ ጨርቅ ግን በሰዓቱ ደረሰ። አቶ በድረዲን ጨርቁን በጣታቸው እየዳሰሱ «አንተ ደምሴ፣ ይኼ ይቀቀላል ወይስ ይቆላል?» አሉ። አቶ ዋሲሁንም «ወጥ ነው እንጂ! በርበሬው ገብቶበት የለ!» ብለው መለሱ። ሦስቱም ሳቁ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ቀልዱ የቀበሌው ካድሬ ጆሮ ደረሰና ሦስቱም ታሰሩ። አቶ ደምሴ በሦስተኛው ቀን ተፈቱ። በዓሉ ደርሷል፣ አራት ጣቃ አልተሰፋም፣ የቀበሌው ሌላ ልብስ ሰፊም ዘምቷል። አብዮቱ የራራላቸው የባንዲራው ጠርዝ ስላልተዘመዘመ ብቻ ነው። ጓደኞቻቸው አሥራ አንድ ወር ታሰሩ።

ከተማው ነገሩን አገናዘበ። የሳቁት ሦስት፣ በሦስት ቀን የወጣው አንድ። ጆሮ ጠቢው ታወቀ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የነፈጋቸው የለም። የቀረባቸው ከሰላምታ በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሱሪውን አስቀምጦ ይወጣል። ወገብ ሲለኩም ደንበኛው ትንፋሹን ይይዝ ስለነበር የዚያ ዘመን ሱሪ ሁሉ ጠባብ ነው ይባላል። በቀበሌው የውይይት ክበብ አግዳሚው ላይ ከግራቸውም ከቀኛቸውም ባዶ ነበር። አንድ ቀን ከልቅሶ ቤት ተመልሰው «የሺ፣ ዛሬ እኔ ስገባ ስለ ዝናብ እንኳ ማውራት ተዉ» አሉ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የጆሮ ጠቢዎች ስም በስብሰባ ተነበበ። የእሳቸው ስም ስለሌለበት ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ከተማው ግን «አሰርዞት ነው» አለ።

ወይዘሮ የሺ በ1999 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ትዕግሥትም ደሴ ስታገባ፣ በቤቱ ያለ ፍርሃት የሚያወራቸው ጠፋ። በቃላቸው የሚያውቁትን ልኬት ደንበኛውን ደግመው ይጠይቁ ነበር፤ «ዘጠና ሁለት» ሲላቸው ለመስማት። አቶ ዋሲሁን በ2009 ዓ.ም. «ያሳሰረኝ ደምሴ ነው» ብለው እንዳመኑ አረፉ። አቶ ደምሴ ከቀባሪው ሁሉ ኋላ ቆመው ሸኟቸው።

በ2016 ዓ.ም. የልብ ድካም ያዛቸው። ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ትዕግሥት እያስታመመቻቸው ሳለ ሐጂ በድረዲን መጡና አልጋው ጫፍ ተቀመጡ።

«ደምሴ፣ ያን ቀልድ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ካንተ ወጥቼ ወፍጮ ቤት ነገርኳቸው፣ ሳቁልኝ። መስጊድ በር ደገምኩት፣ ሳቁልኝ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይማ ጨማምሬ ነገርኩት። እስር ቤት ይህን ብናገር ዋሲሁን ያንቀኝ ነበር። አንተ ስትፈታ ጥርጣሬው ወዳንተ ዞረ፤ ወላሂ፣ ተገላገልኩ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

አቶ ደምሴ «ዋሲሁንስ?» አሉ።

«አልነገርኩትም።»

«አውፍ ብዬሃለሁ» ሲሉ ትዕግሥት አልሰማችም። የሰማችው «አርባ ዓመት ቀልድ የነገረኝ የለም። አዲስ ካለህ አውጣ» ሲሉ ነው። ሐጂ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጡ። በማግስቱም መጡ። በቀሩት ቀናትም አልቀሩም።

አቶ ደምሴ በዚህ ጽሑፍ እንዲገባላቸው የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በማንም ላይ አላሳበቁም። ከቤተሰቡ «ለቀብር አይሆንም» ያለ ነበር። ሐጂ በድረዲን ግን «ጻፉት፤ እኔው ቆሜ እሰማለሁ። ብቻ ቀልዱን አታበላሹብኝ» ብለዋል። ዛሬም እዚሁ መካከላችን ቆመዋል።

አቶ ደምሴ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አርፈዋል። አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና የዘጠኝ ቀን ጓደኛ ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ ሲገቡ ጨዋታው ከማይቋረጥበት ቤት ያኑርልን። አሜን።