ከሞተሩ የወረድኩ ዕለት

ጥቅምት 12፣ 1958

በሽተኛ ጥቂት ነበር። ሐኪሙ ጠርተው ሞተር ሳይክሉን አሳዩኝ። ጎኑ ላይ የሰው መቀመጫ ተቀጥሎበታል፣ ባለ ሦስት እግር። የሰርቦ ክሊኒክ በሽተኛ የሚጎበኘው በዚህ ነው፤ በወር ውስጥ መንዳት ከቻልኩ ክሊኒኩ የኔ ነው። ካልቻልኩ እንደኔው ቁስል የሚያጥበው የሌላው ድሬሰር፣ የቲጃኒ። የብርሃንነሽም ነገር በዚሁ ላይ ተንጠልጥሏል... አባቷ አቶ ወልደሰማያት ሽማግሌዎቼን "መጀመሪያ ክሊኒኩን ይያዝ" ብለው መልሰዋቸዋል። እችል ይሆን?

ጥቅምት 15

ሜካኒኩ ሸምሰዲን ቦሳ ኪቶ የሚባል ሰፈር ወስዶ እያስተማረኝ ነው። ብስክሌት ማወቄ ጠላት ሆነብኝ። ሰውነቴን ባዘነብል አይሰማም፣ በመሪ ብቻ ነው የሚዞረው። ነዳጅ ስሰጠው ወደ ቀኝ፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ። ምን ዓይነት ፍጡር ነው?

ጥቅምት 23

ዛሬ አራት ጊዜ ወረድኩ። ትልቅ ሰው ባየሁ ቁጥር... ምን ላድርግ? አባቴ በቅሎ ላይ ሆኖ ሽማግሌ ሰላም ብሎ አያውቅም። ሸምሰዲን ሳቀብኝ።

"አቦ፣ በዚህ አያያዝህ ሰርቦ የምትደርሰው ለፋሲካ ነው። እዚያው ሆነህ እጅ ንሳ።"

ተቀምጦ እጅ መንሳት አለ እንዴ?

ኅዳር 2

አንዴም አልወረድኩም። ደስ አለኝ። ትንሽ አፈርኩም።

ኅዳር 14

ፈተና። ሐኪሙ ጎኔ ተቀመጡ። እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ምንም አልተሳሳትኩም። እዚያ አቶ ወልደሰማያት ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አልፍ ነበር... የብርሃንነሽ አባት! አቆምኩ፣ ወረድኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ሦስት እግር አለው፣ አይወድቅም ብዬ። አልወደቀም። ማርሽ ሳላስገባ ነበር የወረድኩትና ሐኪሙን ይዞ ቁልቁል ሄደ። የሰው ቡና የተሰጣበት ሰሌን ላይ ገብቶ ቆመ። ሐኪሙ ደህና ናቸው። መነጽራቸውን ከቡናው ውስጥ አብረን ፈለግን።

ኅዳር 17

ሰርቦ ለቲጃኒ ሆነ። ሽማግሌዎቼም ከአቶ ወልደሰማያት ቤት መልስ ይዘው መጡ።

"ጨዋ ልጅ ነው፣ አልክድም። ልጄን የምሰጠው ግን ክሊኒክ ለያዘ ሰው ነው።"

ለእሳቸው ብዬ አይደል እንዴ የወረድኩት? ሳልወርድ ባልፍስ፣ ናቀኝ ብለው ይከለክሉኝ ነበር? ወይስ ክሊኒኩን ይዟል ብለው ዝም? ግራ ገባኝ። ማንን ልጠይቅ? ብርሃንነሽ እንኳ ምን እንዳለች አላውቅም።

ኅዳር 28

የአወቱ ወንዝ ድልድይ ላይ አቶ ወልደሰማያትን አገኘኋቸው። በእግሬ ነበርኩ። ጎንበስ ሳልል አለፍኳቸው። እኔ ነኝ ይህን ያደረግኩት? ከኋላዬ "ልጄ" ሲሉ ሰማሁ። እንደዚያ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም... ስንት ቀን የተመኘሁት ነው። ዞር ሳልል ሄድኩ።