እንዳያዳልጥዎት

ይድረስ ለልጄ፤ እጅሽን ከድካም፣ እግርሽን ከእንቅፋት ይሰውርልኝ። በደህና ገብቻለሁ። የኩሽናው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፤ ወንድምሽ «ነገ እጠግነዋለሁ» እንዳለ ነው። የገዛሽልኝ ጫማ ልክክ ብሎልኛል።

ሰው ሁሉ «አገሩ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ንጹሕ ነው፣ ወለሉ ፊት ያሳያል» እላለሁ። ማን እንደሚወለውለው ግን አልናገርም ነበር።

«ቢሮ ነው የምትሠራው» እያልኩ ሰፈሩን ሳደነቁር ኖሬ፣ ከአንቺ ዘንድ ስመለስ እዚያ ኤርፖርት ውስጥ መወልወያሽን ይዘሽ ወደ እኔ ስትመጪ ክው አልኩ። አብራኝ የምትሳፈረው የሰፈራችን ባለፋርማሲ «ታውቂያታለሽ እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ከየት አውቄ!» አልኩ። ሰማሽኝ። ሰምተሽም «እማማ፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ እንዳያዳልጥዎት» ብለሽ አለፍሽ። አፍ ከፈታሽ ጀምሮ አንቺ ስትዪኝ የኖርሽው ልጅ፣ የእኔን ውሸት ለመሸፈን አንቱ አልሽኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትናንት ፋርማሲዋ ድረስ ሄጄ «ያቺ ልጄ ናት» አልኳት። አቀርቅሬ ወጣሁ።

ልፋትሽ ይባረክ፣ የወጣሽበት ይቅናሽ። ከተመለስኩ ወዲህ ሁለቴ ደውለሽ ሁለቴም «እንዴት ነዎት?» ብለሽኛል። እባክሽ ልጄ፣ ከፈለግሽ ተቆጪኝ፤ ግን አንቺ እያልሽ ተቆጪኝ።

እናትሽ