የማይጣበቁት ሴሎችና የጄሶው ባልዲ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ደረጃ ሲወጡ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው ትንፋሽዎስ ሻል አለው ወይስ እንደ ልማድዎ «ምንም አልል» እያሉ ያልፉታል? መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይወስዳሉ? የእማዬ ወገብስ እንዴት ነው? ወንድም ጋሼስ፣ ሥራው፣ ሳቁ፣ ያ የማያልቅ ወሬው? ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ ሳልሆን ደስ ብሎኛል፤ ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ ሲሆን ገና ሰላምታው ሳያልቅ «በይ እናትሽን እንቺ» ይሉኝና ያመልጡኛል። ከወረቀት ግን ማምለጫ የለዎትም።

ሚጣ፣ አባባ መነጽራቸው ጠፍቶባቸው ይህን የምታነቢላቸው አንቺ እንደሆንሽ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ቀስ ብለሽ አንብቢ እህቴ። የከበደሽን ቃል እያጉረመረምሽ አትለፊው፤ እሳቸው እንደሆኑ ይነቁብሻል።

አባባ፣ ባለፈው ሲደውሉ «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ እዚያ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ብለውኝ «ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ» ብዬ ነበር የተገላገልኩት። ያ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሥራዬ ይኸውልዎ። የሰው ሰውነት በዓይን በማይታይ ደቂቅ ነገር የተገነባ ነው፤ ትምህርት ቤት ሕዋስ ይሉታል፣ እኛ ክፍል ሁሉም ሴል ነው የሚለው። እዚህ የምናሳድገው የልብ ሴል ነው። እኔ ደግሞ ሴሎቹ የሚያርፉበትን ወለል አዘጋጃለሁ። እንደ ሻይ ብርጭቆ አፍ የሚሰፉ ትንንሽ ክብ ሳህኖች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ጄል የሚባል ልምጥምጥ ያለ ነገር በስሱ አፈሳለሁ፣ እስኪረጋ እጠብቃለሁ፣ አጥባለሁ። ቀላል ይመስላል። እጅ ይፈልጋል ግን፤ እጁን ከማን እንዳገኘሁት ያውቃሉ።

«በጠጣር መስታወት ላይ ለምን አታስቀምጧቸውም?» ይሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ሴል ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ የት እንዳለ የሚያውቀው በዳበሳ ነው። እንዳረፈ እግር የመሰሉ ቀጫጭን ነገሮች ይዘረጋል፣ ወለሉን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ይጎትታል። ወለሉ ከተሳበለት ለስላሳ ስፍራ ላይ መሆኑን ይረዳል፤ ግትር ካለበት እሱም ይወጣጠራል። እርስዎ አዲስ ቤት ገብተው ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ግድግዳውን በጣትዎ አንጓ ኳ ኳ አድርገው «ይሄ ውስጡ ባዶ ነው» እንደሚሉት ማለት ነው። የልብ ሴል የልብን ያህል የሚለሰልስ ወለል ሲያገኝ ደህና አድርጎ ይመታል፤ የጠጠረ ወለል ላይ ግን ሲታገል ይውልና ምቱ ይደክማል። የሚጨብጠው ጭራሽ ያጣ እንደሆነ ደግሞ፣ ምግቡ ሞልቶ ሙቀቱ ተስተካክሎለትም ቢሆን፣ ይሞታል።

ችግሩ ጄሉ ብቻውን ለሴል የሚያዳልጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ላዩን ሴሉ የሚይዘው ፕሮቲን እናለብሰዋለን። ፕሮቲኑን ከጄሉ ጋር የሚያጣብቅ ማያያዣ የምንለው ዱቄት አለ፤ በውሃ ይሟሟል፣ ጄሉ ላይ ይፈሳል፣ ለጥቂት ጊዜ በልዩ መብራት ሥር ይቀመጣል። ይህን ከያዙልኝ የሆነውን ሁሉ ይረዱታል።

ሴሎቹን የሚያሳድገው ለዶክትሬቱ የሚሠራ አንድ ተማሪ ነው። ሳምንት ሙሉ አሥር ቃል ስለማይናገር «ዝምታ» ነው የምንለው፤ እሱም ያውቃል፣ አይከፋውም። አንድ ዙር ሴል ለማድረስ ከወር በላይ ይፈጅበታል። ቅዳሜ የለው እሁድ የለው፣ እየመጣ ምግባቸውን ይለውጥላቸዋል። የመጀመሪያውን ዙር እኔ ባዘጋጀኋቸው ጄሎች ላይ ባሰፈረ በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ስናይ ከጥቂቶቹ በቀር ሴሎቹ አልተጣበቁም። እንደ ሽንብራ ተድበልብለው ይንሳፈፋሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተው ደፋናቸው። ሁለተኛው ዙርም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛውም።

አለቃችን ፕሮፌሰሯ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ነገር ሲንዛዛ አይወዱም። ሰኞ በስብሰባ ላይ ዝምታን «አንድ ዙር ቀርቶሃል። እሱም ካልያዘ የለስላሳ ወለሉን ነገር እንተወዋለን፤ አንተም ሌላ ርዕስ ትፈልጋለህ» አሉት። ሁለት ዓመት የለፋበት ሥራ ነው። እሱ አንገቱን ደፍቶ «ሴሎቼ ሳይደክሙ አልቀሩም፤ ጥፋቱ ከእኔ ነው» አለ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ከልቤ አዘንኩለት። አዎ፣ አዘንኩለት፤ ይህን ቃል ይያዙልኝ።

በዚያው ሳምንት የኮሪደራችን ግድግዳ ቧንቧ ፈሶበት ተነፋፍቶ ነበርና ሁለት ለሳኞች መጡ። የእርስዎ ሙያ ነውና ሻዬን ይዤ ቆሜ አየሁ። አንደኛው ሽበታም ነው፣ ሁለተኛው ጎልማሳ። ጎልማሳው ባልዲ ሙሉ ጄሶ በጠበጠ፣ ከዚያ ስልኩ ጠራና ወጣ። ወሬው ረዘመ። ሲመለስ ሽበታሙ ባልዲውን አንስቶ ከፊቱ ገለበጠው። ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ጄሶው ድንጋይ ሆኗል። «ለአሥር ደቂቃ የሚበቃህን ብቻ በጥብጥ አላልኩህም?» አለው። አባባ፣ እርስዎ ወንድም ጋሼን የሚቆጡበት ድምፅ ቁርጥ ነው። ሳቄ መጣና ሻዩ ትን አለኝ። ከዚያ ሳቁ በአፌ ላይ ደረቀ።

ያ ማያያዣ ዱቄት ትዝ ብሎኝ ነው። እኔ ጠዋት እንደገባሁ ለሠላሳውም ሳህን የሚበቃውን በአንድ ጊዜ አሟሟለሁ፤ ከአንደኛው እስከ ሠላሳኛው ቀስ እያልኩ፣ እየተጠነቀቅኩ ስጨምር ምሳ ይደርሳል። ሮጬ የዱቄቱን ዕቃ አውጥቼ ላዩ ላይ ያለውን አነበብኩ፤ «ከተሟሟ በኋላ ወዲያው ይጠቀሙ» ይላል። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለእኔ ግን «ወዲያው» ማለት ከምሳ በፊት ማለት ነበር። እማዬ «ወዲያው እመጣለሁ» ብላ ጎረቤት ስትሄድ እያየሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ምን ይፈረድብኛል። ደብተሬን ገለጥኩ። በሦስቱም ዙር ከአንድ እስከ ሦስት ቁጥር ባሉት ሳህኖች ላይ «ጥቂት ሴሎች ይዘዋል» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ከአራት ጀምሮ ባዶ ነው። ማያያዣው ውሃ ውስጥ ቆይቶ ኃይሉ ያልቅ ነበር፤ ጥፋቱ የዝምታም የሴሎቹም አልነበረም።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ቀን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ውሌ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ዝም ብዬ ብቻዬን ባስተካክለው አራተኛው ዙር ይይዛል፣ ሰውም «ዕድል ቀናቸው» ብሎ ያልፋል፣ እኔም እተርፋለሁ ብዬ አሰብኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ዝምታ መደርደሪያው ላይ የነበሩትን የሁለት ዓመት ደብተሮች እያወረደ ካርቶን ውስጥ ሲከት አየሁት። «ምን እያደረግክ ነው?» ስለው «ካሁኑ ልልመደው ብዬ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የፕሮፌሰሯን በር አንኳኳሁ። ሁሉንም ተናገርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው «ማስረጃሽ?» አሉኝ፤ ደብተሬን ፊታቸው ዘረጋሁ። ገጹን ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲያገላብጡ ቆዩና «እንዴት ደረስሽበት?» አሉ። «አባቴ ለሳኝ ናቸው» አልኩና የጄሶውን ባልዲ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ሦስት ዙር ባክኗል። ለእሱ የምትነግሪው ግን እኔ ሳልሆን አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ይኸኛው ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። ዝምታን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መጮህ ነበረበት። እሱ ግን «እና ሴሎቼ ደህና ነበሩ?» አለኝ። «ደህና ነበሩ» አልኩት። ፊቱ በራ። ሄደና ካርቶኑን ከፍቶ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰ። እኔም አቀበልኩት።

ለአራተኛው ዙር ማያያዣውን ለሦስት ሦስት ሳህን ብቻ በትንሽ ብልቃጥ አሟሟሁ፤ ዝምታ ሰዓት ይዞ አጠገቤ ቆመ። ያን ቀን ከተናገረው ሁሉ የሚበዛው «ድፊው፣ ሌላ አሟሚ» የሚለው ነው። በማግስቱ ስናይ ሴሎቹ ይዘዋል። ክብነታቸው ጠፍቶ፣ እግራቸውን በየአቅጣጫው ዘርግተው ተንፈላሰዋል። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ መምታት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዷ እንደ ዓይን ቆብ እርግብ አለች፣ ከዚያ ጎረቤቷ፣ ከዚያ ሳህኑ በሙሉ እኩል ይሰበሰባል፣ እኩል ይለቃል። ለማነጻጸር በጠጣር መስታወት ላይ ያሰፈርናቸው ግን ተወጣጥረው በግድ ነው የሚነቃነቁት። ሲመቱ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ለወንድም ጋሼ በስልኩ ልኬለታለሁ፤ ያሳይዎ። ሴሎቹ ምን እንደሚመስሉ ባያውቁም ሲመቱ ማየት ደስ ይላል። ፕሮፌሰሯም ሲያዩ ቆይተው «ውልሽ ለሁለት ዓመት ይራዘማል» አሉኝና እንደ ሌላው ቀን ወደ ሥራቸው ሄዱ።

አሁን የምለውን እንዳይቆጡኝ። አምና ሐኪሙ «የልብዎ አንድ ጎን ጠባሳ ይዟል» ሲልዎ እርስዎ «ያልቆሰለ ሰው የለም» ብለው ወጡ። እኔ ግን ጠባሳ ምን ማለት እንደሆነ አሁን በዓይኔ አይቻለሁ። የጠጠረ ወለል ነው። ጤነኞቹ ሴሎች ከእሱ ጋር እየተጓተቱ ነው የሚውሉት። የኛ ሥራ መድኃኒት አይደለም፤ ለመሆን ብዙ ዓመት ይቀረዋል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ልዋሽዎ አልፈልግም። ስለዚህ እስከዚያው እነዚያን ሴሎች ያግዙልኝ። ሲሚንቶ አይሸከሙ። ጣሪያ ለመለሰን መወጣጫ ላይ አይውጡ። ከታች ሆነው ኳ ኳ እያደረጉ ይዘዙ፤ ለትእዛዝ መቼም አያንሱም።

እማዬ፣ ጉንጭሽን እስምሻለሁ፤ ስለ «ወዲያው» የጻፍኩትን እንዳትቀየሚኝ። ወንድም ጋሼ፣ ሲሚንቶው ካሁን በኋላ ያንተ ነው፤ ስትበጠብጥ ደግሞ ስልክህን ዝጋ። ሚጣ፣ እስከዚህ ካነበብሽ ጉሮሮሽ ደርቋል፣ ውሃ ጠጪ፤ ትምህርትሽ እንዴት እንደሆነ ለብቻሽ ጻፊልኝ። አክስቴንና ጎረቤቶቻችንን በየስማቸው ሳሙልኝ።

ለእርስዎ ግን ከሰላምታው ጋር አንድ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄው የፕሮፌሰሯ ነው። ቀጥሎ የምንሠራው በጠባሳ ላይ ነው፤ አዲስ ሴል በጠጠረው ስፍራ ላይ እንዲይዝና እንዲመታ ማድረግ። ትናንት ጠሩኝና «አሮጌና የጠጠረ ግድግዳ አዲስ ልስን እንዲይዝ አባትሽ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ደብተራቸውን ከፍተው ቀኑን ጻፉ፣ ጥያቄውንም ጻፉ፣ ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ተዉ። ዛሬም ሳልፍ አየሁት፤ ደብተሩ እንደተከፈተ ነው፣ ቦታው ለእርስዎ ተትቷል።

የምትወድዎ ልጅዎ

ከላቦራቶሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን