በደረቅ ክር

ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

የሆዴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእግርሽ እብጠት ቀለለልሽ?

እኔ ደህና ነኝ። አይ፤ እንዲህ ብዬ የጀመርኳቸውን ሦስት ደብዳቤዎች ቀድጃለሁ። አንገቴ ላይ የወጣው ተራ ንፍፊት ነው ብዬሽ ነበር። የሊምፍ ካንሰር ነው። ወንበር ሳቢና ቀሪውን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ግሉኮስ ተሰቅሎልኝ መተኛት የለም። መድኃኒቱ የሚዋጥ እንክብል ነው፤ ጠዋት ጠዋት እዚሁ ስፌት መኪናዬ አጠገብ እውጠዋለሁ። ሁለት ሳምንት እወስዳለሁ፣ አንድ ሳምንት አርፋለሁ። የምፈራው የእረፍቱን ሳምንት ነው። በር ሳልዘጋ የወጣሁ ይመስለኛል።

ነርሷ ስትሰጠኝ፣ "ሌላ ሰው ሲያቀብልዎ ጓንት ያድርግ። እርጉዝ ሴትማ ጨርሶ እንዳትነካው፣ እማማ" አለችኝ። እሺ አልኩ። በአምስተኛው ቀን እንክብሌን ውጬ፣ ለሚወለደው ልጅሽ የምሰፋውን ሸሚዝ አነሳሁ። የክሩን ጫፍ በምራቄ አርጥቤ መርፌው ውስጥ አስገባሁ። አርባ ዓመት እንዲሁ ነው የማደርገው። እጄ ቆመ። እንክብሉን የዋጠው ያው አፍ ነው።

ነርሷን ጠየቅኋት። "ከታጠበ ምን ይሆናል? አይጨነቁ" ብላ ሳቀች። አጠብኩት። ደግሜ አጠብኩት። ከዚያ ስፌቱን በሙሉ ተረተርኩት።

አዲሱን የሰፋችው አክስትሽ ናት። ጓንት አጥልቃ!

"ጓንቱ ለእንክብሉ ነው እንጂ ለስፌት ነው እንዴ?" ብላት፣

"አንቺ ዝም ብለሽ ምሪኝ፤ ዛሬ ቀዶ ጥገና ላይ ነኝ" አለችኝ።

በሽተኛው አንድ እጅጌው ረዝሞ ተነሳ። አትሳቂባት። ከደብዳቤው ጋር ያለውን ጥቅል ስትፈቺ ስፌቱ የኔ እንዳልሆነ ወዲያው ታውቂያለሽ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

የአንገቱ ቁልፍ ግን የኔ ናት። እጄን ታጥቤ፣ ክሩን ወደ አፌ ሳላስጠጋ፣ በደረቁ። መርፌው ቀዳዳ የሌለው እስኪመስለኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አጥብቄ ነው የተከልኳት። ልጅሽ ቢጎትታትም አትወልቅም።

እንግዲህ ለመውለድ እዚህ እንዳትመጪ። እንክብሉ ያለበት ቤት ላንቺ አይሆንም። እዚያው ውለጂ፤ ባልሽም ሩዝ መቀቀል ይልመድ። ቲኬቱን ሰርዢው።

አይ፣ አትሰርዢው። ቀኑን ብቻ ግፊው።

ምጥሽ አጭር፣ እንቅልፍሽ ረጅም ይሁንልሽ። የወለድሽው ያሳርፍሽ።

እናትሽ

በጣም ግን አትግፊው።