ደብተሩን ከቀኝ የገለጡት አባባ

አቃቂ፣ መጋቢት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወንድም ዓለም ሙሀመድአወል፣

በክራንች መቆም መጀመርህን ከተኛህበት የአስመራ ሆስፒታል የመጣ ወታደር ነገረን፤ አልሐምዱሊላህ። ታኅሣሥ ላይ «አንድ እግር ይዤ አቃቂ አልመለስም፤ የሩጫ ልምምድ ደብተሬንም አቃጥሉት» ብለህ የጻፍከውን ለአባባ አነበብኩላቸው። በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ደብተሩን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ። እኔንም እስኪጨርሱት እንዳልጽፍልህ ከለከሉኝ።

አባባን ታውቃቸዋለህ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ምን እንደሚል የሚጠይቁት እኔን ነው። ቁጥር ግን በሐዲድ ጥገና ሥራቸው ከኪሎሜትር ድንጋዮቹ ለምደዋል። እናም የየሳምንቱን ቁጥር ከደብተርህ እያዩ፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ በሐዲዱ ዳር ወደ ዱከም መሮጥ ጀመሩ። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው። የቀበሌው ዘብ ማን እያባረራቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽህም።

በመጀመሪያው ሳምንት መቶ ሠላሳ ኪሎሜትር ሮጡ፤ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከሥራ በኋላ። የሁለት ጣታቸው ጥፍር ወለቀ። ለውዱእ እግራቸውን ማንሳት አቅቷቸው እኔ አጠብኩላቸው፤ ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ደግነቱ ቁጥሩ በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄደ። አባባ አንተን ማድነቅ አበዙ፤ ሩጫህ መጀመሪያ ሰውን ይሰብራል፣ ከዚያ ያዝንለታል እያሉ።

ባለፈው እሑድ የክለብህ ጓደኛ ጣሰው መጣ። አባባ የሮጡትን ገጽ በገጽ ሲያሳዩት ደብተሩን ተቀብሎ ገለባበጠው። ለካ አባባ እንደ ቁርኣን ከቀኝ በኩል ገልጠውት፣ ከመጨረሻው ሳምንት ጀምረው ወደ መጀመሪያው ነበር የሮጡት። አንተ አሥራ አንድ ሳምንት ቀስ በቀስ እየጨመርክ የደረስክበትን መቶ ሠላሳ ኪሎሜትር፣ እሳቸው ከአልጋ ተነስተው ገቡበት። ጣሰው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ይህን እሱ ቢሞክረው በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት እንደሚገኝ ነገረኝ። ሁለታችንም ቆመን ስንጥቅጥቅ ያለ እግራቸውን አየን። አወሌ፣ እንደዚያ ያለ እግር አይቼ አላውቅም።

ገልብጠው እንደሮጡት ነገርናቸው። ደብተሩን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አገላበጡት።

«ጻፊለት» አሉኝ። «እግር አላነሰኝም በይው። ያጣሁት አሠልጣኝ ነው።»

ለግንቦቱ የሠራተኞች ማራቶን ተመዝግበዋል። ጣሰው ላሠልጥንዎ ቢላቸው አልፈለጉም። ይልቅ ትናንት የጥገና ሠራተኞቹ ዕቃ የሚገፉባት፣ በሐዲዱ ላይ የምትሄደዋ ጋሪ ላይ መደገፊያ ያለው ወንበር በሚስማር ሲመቱ ዋሉ። እዚያ ተቀምጠህ አጠገባቸው እየሄድክ እንድትቆጣቸው ነው። ጋሪዋን የሚገፋው ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሚስማሩን ከአፋቸው አውጥተው፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ «እኔ ነኛ» አሉ።

እማማ ዱዓዋ ከአንተ አይለይም። አላህ ከነክራንችህ በሰላም ያምጣህ።

ታናሽ እህትህ
ሀኪማ ደርዊሽ