የእናኑ ፊት በዋንዛ ላይ

እናኑዬ፣

ከተለያየን ዓመት አለፈን። ሙት ዓመትሽን ባለፈው ሳምንት አወጣን። እንግዳው ሁሉ ተሸኝቶ ቤቱ ጭር ሲል ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ። ደክሞኛል። ሐዘኑ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ወገቤም ዓይኔም ዝሏል። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ደብረ ታቦር ክረምት ገብቷል። ልጃችን ሰላም ባሕር ዳር ትምህርቷን ቀጥላለች፤ ሳትደውል አትሰነብትም። ጓሮ የተከልሽው ጌሾ አጥሩን አልፎታል። ወርክሾፑን ግን ካንቺ በኋላ ብዙ ወራት አልከፈትሁትም። አንቺ በኮምፒውተር ስትስዪ፣ እኔ ሳንቃ ስልግ፣ ያ ትንሽ የመቅረጫ ማሽን መካከላችን ሲያጓራ የዋልነው ሁሉ እዚያው አለ። መጀመሪያ የሠራ ዕለት ስሜን በሳንቃ ላይ አስቀርጸሽ «በል እንግዲህ፣ አንተም ዕቃ ሆነሃል» ብለሽ ሳቅሽብኝ።

ያስከፈቱኝ እናትሽ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ጉና ሥር ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶሽን ሲገቡም ሲወጡም ይዳብሱታል። «መስተዋት ብቻ ነው፤ ልጄ የለችበትም» አሉኝ። መንገዱን ሙሉ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

በጣታቸው እንዲያገኙሽ ፊትሽን ከፎቶሽ ወስጄ በዋንዛ ሳንቃ ላይ ላወጣላቸው ቆረጥሁ። የማሽኑ ስለት ግን ለፊት አይሆንም፤ ቅንድብሽን ሲያወጣ እንጨቱን ቦጨቀው፣ ቀጭኑም ስለት ተሰበረ። ያን ጊዜ ከመታመምሽ በፊት ከአዲስ አበባ ያስመጣሽው፣ እንጨቱን በጨረር እያቃጠለ የሚቀርጸው የሌዘር ራስ ከነካርቶኑ መቀመጡ ትዝ አለኝ። ስለቱን የሚያሽከረክረውን ሞተር ፈትቼ እሱን በቦታው አሰርሁት። ከመቆጣጠሪያ ቦርዱ ላይ የሞተሩን ማዘዣ ሽቦ ነቅዬ የሌዘሩን ቢጫ ሽቦ አስገባሁ፤ ኃይሉን ከራሱ አዳፕተር ሰጠሁት። መከላከያ መነጽሩን አድርጌ ሳዝዘው ማሽኑ ወዲህና ወዲያ ይሄዳል፣ ጨረር ግን የለም። ሽቦ ስቀያይር ሰነበትሁ። ሲመረኝ ለሰላም ደወልሁ።

«አባዬ፣ የአዳፕተሩን ጥቁር ሽቦ ከቦርዱ ጥቁር ጋር አገናኝተኸዋል? ካልተገናኙ እኮ ትእዛዙ አይደርሰውም» አለችኝ።

አላገናኘሁትም ነበር። ሳገናኘው በራ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ማሽኑ በየመታጠፊያው ሲዘገይ ጨረሩ ስለማይቀንስ የዓይንሽን ጥግ አከሰለው። ከቅንብሩ ውስጥ የተገጠመለት ሌዘር መሆኑን የሚያሳውቀውን ምርጫ ፈልጌ ካበራሁ በኋላ ያ ቀረ። ሁለተኛው ሳንቃ ደህና ሄዶ አገጭሽ ጋ ሲደርስ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ የት እንደነበረ አያውቅም፤ ያም ሳንቃ ተበላሸ። አንድ የዋንዛ ሳንቃ ብቻ ቀረኝ። እሳት እንዳይነሣ ከአጠገቡ ሳልርቅ፣ ለጭሱ መስኮቱን ከፍቼ፣ ብርዱ ጀርባዬን እየገረፈኝ ዋልሁ። ጣት እንዲያገኘው ይጎድጉድ ብዬ በዚያው መስመር ላይ ደጋግሞ እንዲያልፍ አደረግሁት። ሲያልቅ ደስ እንኳ አላለኝም። አመዱን ጠርጌ፣ ጋቢ አልብሼው ተኛሁ።

በሙት ዓመትሽ ዕለት፣ ከጸሎቱ በኋላ፣ ሳንቃውን እናትሽ ጉልበት ላይ አኖርሁት። ምን እንደሆነ አልነገርኋቸውም። ከግንባርሽ ጀመሩ። ሹሩባሽን አንድ በአንድ ተከተሉት። ጣታቸው አፍሽ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከፊት ጥርሶችሽ መካከል ገባ።

«ፍንጭቷ» አሉ። «ይችማ እናኑ ናት።»

ሳንቃውን ደረታቸው ላይ አቅፈው አለቀሱ። እኔም ከቀብርሽ ወዲህ ያልወጣልኝ እንባ ያን ጊዜ ወጣልኝ።

በማግስቱ መኪና ላይ ሳሳፍራቸው በነጠላ ጠቅልለው ይዘውሽ ነበር፤ ለማንም አላስይዝ አሉ። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል እጄን ያዙና «እጆቿንም ሥራልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ስለዚህ ደክሞኝም ቢሆን ነገ ወርክሾፑን እከፍታለሁ። የእጆችሽ ፎቶ የለንም፤ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለነበሩ ያነሣቸው ሰው የለም። ከማስታውሰው ነው የማወጣቸው። አትስጊ፣ እናኑዬ፤ አስታውሳለሁ።